ባለቤቱ የካደው ኳስ

ኤዱቪሄስ ማይዳና ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ መንደራችን ፖሶ ዴል ቶርዶ ውስጥ ማንንም ጠይቁ፣ ራሷም አትክድም። አንድ ጊዜ ሰባኪዎች መጥተው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በነጻ ሲያድሉ ሁላችንም ተቀብለን ሰቀልን። እሷ ግን ገልብጣ ጀርባውን አየችና፣ «በነጻ? ምን ሊወስዱ ነው ታዲያ?» ብላ ለፍየሎቿ ወረወረችው። ፍየሎቹ አልተጠራጠሩም፣ በሉት።

ከአባቷ የወረሰችው ነው። ገና ልጅ ሳለች መሬት እንለካለን የሚሉ ሰዎች መጥተው ከአባቷ ጋር ሥጋ ጠብሰው በሉ፣ ወይን ጠጡ፣ ተሳሳቁ፣ በመጨረሻም አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉት። ዝናቡ ሳይመጣ በምሥራቅ በኩል ያለው ጫካቸው በሽቦ ታጠረ። ሽማግሌው እስኪሞት ድረስ በገዛ መሬቱ ዙሪያ እንደ እንግዳ ሲዞር ኖረ። «ፈገግታ ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም» የምትለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባሏ ትራንሲቶ ሲሞት ሁለት ነገር ተወላት፤ ፍየሎቹንና በአካፋ የቆፈረውን ኩሬ። እኛ ዘንድ የጉድጓድ ውሃ ጨው ነው፣ ለሰውም ለከብትም አይበጅም። የዝናብ ውሃ ያጠራቀመ ኩሬ ያለው ሰው ኑሮ አለው፤ የሌለው ወደ ከተማ ይሰደዳል። እኔ ቤቴ ከእሷ አጥር ማዶ ስለሆነ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥር ነበር፣ ምድር የሚቃጠልበት ወር። ቀትር ላይ ሁላችንም ጋደም ብለን ሳለ ሁለት ድምፅ ሰማን። የመጀመሪያው ነጎድጓድ መሰለን፤ ሁለተኛው ግን ከጣሪያ ላይ የጥጥ ጆንያ የተወረወረ ያህል መሬቱን አንቀጠቀጠው። ውሾቹ አልጮኹም፤ አልጋ ሥር ገቡ። ወጥቼ ስሮጥ ኤዱቪሄስ በባዶ እግሯ ኩሬው ዳር ቆማለች። ግድቡን ቦድሶ ግማሹ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ኳስ ነበር፤ በርሜል ያህላል፣ ላዩ እንደ ተለበለበ ጸጉር የሚንጨፈረር ክር አለው። የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ አፍንጫችንን ሞላው።

አንሰልሞ ቬሮን በሞተር እየበረረ ደረሰ። አበልጇ ነው፤ ትንሿን ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችው ኤዱቪሄስ ናት።

«አበልጄ፣ ተረፍሽ?»

«እኔስ ተርፌያለሁ። ይሄ የማን ነው?»

«የማን ነው ትላለች እንዴ! ከሰማይ ወድቆ!»

«ሰማይ ብረት አያበቅልም፣ አንሰልሞ። ባለቤት አለው።»

አመሻሹ ላይ የፖሊስ ጣቢያው አሥር አለቃ መጥቶ በኩሬው ዙሪያ ቢጫ ጥብጣብ አሰረ። ማንም እንዳይጠጋ ብሎ አዘዘና ሄደ። ሰው ታዘዘ። ፍየል ግን ጥብጣብ አያከብርም፤ ሌላ ውሃ የት አለ? በዚያው ሳምንት አስራ አንድ ፍየሎች አፋቸው አረፋ እየደፈቀ ሞቱ፣ ቃጭል ያሰረችው መሪዋም ሳትቀር። ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበረላት አንሰልሞ ነው። እሷ ቆማ አየች። አላለቀሰችም፤ ወደ ሰማይ ቀና ብላ፣ «እናያለን» ብቻ አለች።

ከዚያ ሰዎቹ መጡ። ነጭ መኪና፣ ሦስት ሰው። ዋናው ኢንጂነር ሊሳንድሮ ቤርቶራ እባላለሁ አለ፤ በዚያ ሙቀት ሸሚዙ ላይ አንዲት የላብ ጠብታ አልነበረችም። ይህንን ልብ ያለችው ኤዱቪሄስ ናት። ሰውየው ዶኛ፣ እንደ ወይዘሮ ማለት ነው፣ እያለ ይጠራታል።

«እንደምን አደሩ ዶኛ ኤዱቪሄስ! ስለ እርስዎ ብዙ ሰምተናል።»

«ከማን ሰማችሁ?»

«ከ... ከሰው።»

«ሰው ስም የለውም?»

ሳቀ። የጽዳት ድርጅት ነን፣ ይህ ዕቃ ለጤና አደገኛ ስለሆነ በነጻ አንስተን፣ ኩሬውንም አጥበን እንሄዳለን አለ። ባትሪ ያለው የፀሐይ መብራትም አምጥቷል፣ ስጦታ።

«ማን ላካችሁ?»

«ማንም። የተፈጥሮ ነገር ግድ ስለሚለን ነው።»

«ኳሱስ የማን ነው?»

«እሱ ገና አልተጣራም፣ ዶኛ።»

«ባለቤቱን ካላወቃችሁ ለማን ነው የምትወስዱት?»

ቤርቶራ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ኤዱቪሄስ ቀጠለች፤ «በኛ አገር የጠፋ ከብት ሰው በረት ሲገኝ፣ የኔ ነው የሚል ሰው አጥሩ ውጭ ቆሞ የጆሮውን ምልክት ይናገራል። ግራው ተሰንጥቋል፣ ቀኙ ተቆርጧል ይላል። ልክ ከሆነ ይወስዳል፣ ከብቱ ያጠፋውንም ይክሳል። ምልክቱን ንገሩኝና ውሰዱ።»

«ዶኛ ኤዱቪሄስ፣ ይሄ እኮ ፍየል አይደለም!»

«አይደለማ። ፍየል ገዳይ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁን ትቶ ወረቀት አወጣ። ትንሽ ፊርማ ብቻ፣ ቅሬታ የለኝም የሚል። ኤዱቪሄስ ሁለት እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ያዘች፤ ልጆች የማይወዱትን ምግብ ሲሰጧቸው አፋቸውን እንደሚገጥሙት። ሰዎቹ መብራቱን ደጇ ላይ ትተውት ሄዱ። እሷም በዱላ እየገፋች መንገድ ዳር አደረሰችውና እዚያው ተወችው። ፀሐይ ስትወጣ አልነበረም፤ ማን እንደወሰደው እስካሁን አይታወቅም፣ እያንዳንዱ ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

ቤርቶራ ግን ብልህ ሰው ነው፣ እሷን ትቶ ወደ እኛ መጣ። ኳሱ በሰላም ከተነሳ ለመንደሩ ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ እናስቆፍራለን፣ ጨዉን የሚያጣራ ማሽንም እንተክላለን አለ። ጨው የሌለበት ውሃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ በኤዱቪሄስ ላይ ዞረ። «ለሌላ አገር ልትሸጠው ነው» አለ አንዱ። «ውስጡ ወርቅ አለ መሰለኝ፣ ባይሆን እንዲህ ትጠብቀዋለች?» አለች ሌላዋ። ወፍጮ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። እሷም ታውቅ ነበር። «እኔ ስገባ ዝም የሚለው ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ሲያወራ ነበር ማለት ነው» ብላ እየሳቀች ትወጣለች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም።

አንድ ቀን አንሰልሞ መጣ። እኛ ዘንድ ሰው ሲመጣ ማቴ የሚሉት የቅጠል ሻይ ይቀርባል፤ በአንዲት ቅል፣ በአንዲት ቱቦ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ይጠጣል። ከሰው ጋር በአንድ ቱቦ መጠጣት መተማመን ነው። ኤዱቪሄስ ለራሷ ሞላች፣ ጠጣች፣ ቅሉን ሥሯ አስቀመጠችው። አንሰልሞ አየ፣ ቅር ቢለውም ነገሩን ዋጥ አደረገው።

«አበልጄ፣ ስጪያቸው በቃ። ሊሳንድሮ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ሊሳንድሮ? እኔ ኢንጂነር ቤርቶራ ነው ያለኝ። ለአንተ ሊሳንድሮ ሆነ?»

«ሥጋ ስንጠብስ ነው የነገረኝ።»

«ሥጋ ጠብሳችሁ በላችሁ።»

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበት። አባቴም በልቷል።»

አንሰልሞ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። የክርስትና ልጇም ከዚያ ወዲያ ወደ ኤዱቪሄስ ቤት አልመጣችም።

የአሥር አለቃው ሪፖርት ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዋና ከተማው ቦነስ አይረስ ደርሶ ኖሯል። አንድ ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ ባለሙያ ጥጥ በሚያመላልስ የጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። ኔሊዳ አጉዌሮ ትባላለች፤ አርባ ዓመት የሆናት፣ ጫማዋ እግሯን የላጣት ሴት። ኤዱቪሄስ ወንበር አልሰጠቻትም። እሷም ሳትጠየቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

«እርስዎስ ምን ሊወስዱ መጡ?» አለች ኤዱቪሄስ።

«ዛሬ ምንም። ለማየት ነው የመጣሁት» አለች ኔሊዳ፤ ከዚያም ቀስ ብላ አስረዳች። ኳሱ የሮኬት ነዳጅ መያዣ ነው፤ ውስጡ የቀረው መርዝ ከብት ይገድላል፣ ቆዳ ይልጣል። ወደ ሰማይ የመጠቀ ዕቃ ሁሉ ያመጠቀው አገር ንብረት ነው፤ ቢሰበርም፣ ቢቃጠልም፣ ሰው ኩሬ ውስጥ ቢወድቅም። አገሮች የተፈራረሙበት ውል አለ።

«ሲገድልስ?»

«ሲገድልም የእነሱ ነው። መሬት ላይ ላደረሰው ጉዳት ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ እንኳ አይጣራም፤ ባለቤቱ ይክሳል።»

«ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«ለዚሁ ነዋ የማይመጡት።»

ኤዱቪሄስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ አዞረች። ኔሊዳ ቀጠለች፤ አንድ አገር ዕቃዬን መልሱልኝ ካለ መመለስ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ከመመለሱ በፊት መለያውን ተናገር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የተናገረ ደግሞ የእኔ ነው ብሏል፤ የእኔ ነው ያለ ካሳ ይከተለዋል። ስለዚህ ኳሱ በጽዳት ስም በጓሮ በር ቢወጣላቸው ይሻላቸዋል። ቤርቶራ ከማን እንደተላከ እሷም አታውቅም፤ ከመንግሥት ግን ፈቃድ የለውም።

«የጆሮ ምልክት» አለች ኤዱቪሄስ።

«እንዴት?»

«ምንም። እኔ ልጠይቃቸው እችላለሁ?»

«አይችሉም። መንግሥትን የሚጠይቅ መንግሥት ብቻ ነው። ስለ እርስዎ የኛ መንግሥት ይጠይቃል።»

«በመንግሥት እጅ ከገቡማ ፍየሎቼ ዳግመኛ ሞቱ በይኛ!»

ኔሊዳ ሳቀች። ቆየት ብላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «እውነቱን ልንገርዎት። በእኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ነገር ተድበስብሶ እንዲቀር የሚፈልጉ አሉ። ባለ ሮኬት አገር ማስቀየም አይወዱም፤ ነገ የኛን ሳተላይት የሚያመጥቅልን እሱ ሊሆን ይችላል። ኳሱ እዚህ እስካለ ድረስ እጄ ላይ ነገር አለ። ከጠፋ ግን ምንም የለኝም።»

ኤዱቪሄስ ኋላ ስትነግረኝ፣ «ያንን ባትነግረኝ ኖሮ በጥጥ መኪናዋ እመልሳት ነበር» አለች። ኔሊዳ ያን ቀን ወንበር አገኘች። ማቴ ግን አላገኘችም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ቅዳሜ፣ ኤዱቪሄስ አይብ ልትሸጥ ገበያ ወረደች። ስትመለስ ኩሬው ባዶ ነው። ኳሱ የለም። ጥብጣቡ ተበጥሶ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል፣ ከግድቡ እስከ መንገዱ ድረስ የትራክተር ጎማ ዱካ አለ። ግራው ጎማ ጥርሱ የጎደለ። እንዲያ ያለ ጎማ ያለው ማን እንደሆነ እኔም አውቄያለሁ፤ አብሬያት ሄድኩ፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ወደ ድብድብ እንዳይሄድ ፈርቼ።

አንሰልሞ ደጁ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ።

«የት አለ?»

«አበልጄ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። የት አለ?»

«እጄን አየሽው?»

«እጅህ ይንደድ! የት አለ?»

«የገበሬ ማኅበራችን መጋዘን ውስጥ» አለ። «ከጥጡ ጋር። ተቆልፎበት።»

ይህን አልጠበቀችም። እሱም ነገሩን ከመነሻው ተናገረ። ጉድጓዱን ስለሚፈልግ፣ ልጁም ጨዋማ ውሃ ስትጠጣ ኩላሊቷን ስለሚያማት፣ እሺ ብሏቸው ነበር። እሷ ገበያ ስትወርድ ጠብቆ ኳሱን በሰንሰለት አስሮ፣ ጋሪ ላይ አውጥቶ፣ መንታ መንገዱ ድረስ ጎተተው። ሰዎቹ መኪና አዘጋጅተው ጠብቀዋል።

«ለመጫን ስንል ሊሳንድሮ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ 'ማንም ቢጠይቅህ፣ እዚህ አገር ምንም አልወደቀም በል' አለኝ። ምንም አልወደቀም! አስራ አንድ ፍየል በእጄ ቀብሬ? 'ፍየሎቹስ?' ስለው፣ 'ፍየል ሁልጊዜ ይሞታል' አለኝ። እንግዲህ ያን ጊዜ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ይሄ ሰው ዛሬ የወደቀውን አልወደቀም ካለ፣ ነገ ቃል የገባውን ጉድጓድ አልገባሁም አይልም? ትራክተሩን አዞርኩ። ጥሩምባ እየነፉ ተከተሉኝ። ቅዳሜ ነው፣ ማኅበሩ ግቢ ሰው እንደ ጉድ ሞልቷል። ሰው መሃል አስገባሁት። ምን ያደርጋሉ? ቆመው አይተው ሄዱ።»

«ለምን መጥተህ አልነገርከኝም?»

«አታምኚኝም ነበር።»

ኤዱቪሄስ አሰብ አደረገችና፣ «አላምንህም ነበር» አለች። ከዚያ ጓሮው ገብታ እሬት ቆርጣ መጣች፣ ጨርቁን ፈታች። መዳፉ ተልጦ ቀይ ሆኗል። እሬቱን እየቀባች፣ «ሰርቀኸኛል» አለች። «ሰርቄሻለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ኳሱን የማኅበሩ አባላት ተራ ገብተን ጠበቅነው፤ ለኤዱቪሄስ ብለን ብቻ አይደለም፣ አንዳችን አንዳችንን ስለማናምንም ጭምር ነው። ቤርቶራ ዳግመኛ አልታየም። ኔሊዳ መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት እንዲያስታውቅ አደረገች፤ እንዲህ ያለ ዕቃ አገራችን ላይ ወድቋል፣ የማን ነው የሚል። መልስ ጠፋ። ጥጡ ተለቅሞ አለቀ፣ ብርዱ መጣ፣ ሄደ። ኤዱቪሄስ የተረፉትን ፍየሎች ከእኔ ኩሬ ታጠጣ ነበር። ሲመሽ ውሃው ምን ያህል እንደጎደለ በእንጨት ትለካለች፤ እኔ አንድ ቀን ብዙ ጠጡብኝ ብዬ እንዳልከስሳት ፈርታ።

በመጨረሻ አንድ አገር አመነ። ስሙን አልጠራም፣ ለነገሩም አይጠቅምም። ከኤምባሲው አንድ ቀጭን ሰው ክራባት አስሮ መጣ፣ ኔሊዳም አብራው። መላው መንደር መጋዘኑ ጋ ተሰብስቧል። ሰውየው ሊገባ ሲል ኤዱቪሄስ በሩ ላይ ቆመች።

«ውጭ ሆነው ይናገሩ።»

«ምን ልናገር?»

«ምልክቱን።»

ሰውየው ኔሊዳን አያት። ኔሊዳ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታይ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን አውጥቶ ፊደልና ቁጥር ማንበብ ጀመረ። ውስጥ አሥር አለቃው ጥቀርሻውን በቢላዋ እየፋቀ፣ ባትሪ እያበራ፣ የሚሰማውን በጩኸት ይደግማል። መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ «ልክ ነው!» አለ።

«እንግዲህ የማን ነው?» አለች ኤዱቪሄስ።

«የኛ ነው» አለ ሰውየው፣ በለሆሳስ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«የኛ ነው!»

ማንም አላጨበጨበም። አንሰልሞ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደ ቀብር።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ሰውየው ያመጣው ወረቀት ፍየሎቹንም አዲስ ኩሬም እንሰጣለን ይላል፣ ግን «ከበጎ ፈቃድ የተነሳ» ብሎ። ኔሊዳ ስታነብላት ኤዱቪሄስ አስቆመቻት።

«ምጽዋት ነው ወይስ ካሳ?»

«ዶኛ፣ ምን ለውጥ አለው?» አለ ሰውየው። «ፍየሉ ያው ፍየል ነው።»

«ምጽዋት የሰጠ ሰው ሲያሻው ይተዋል። ቀጣዩ የሚወድቅባት ሴት ምን ይዛ ትጠይቃችኋለች? የናንተን በጎ ፈቃድ?»

ካሳ የሚለውን ቃል ሰውየው አይጽፍም፣ አልተፈቀደለትም። ኔሊዳ ወደ ጎን ወስዳ፣ መንግሥታችን ከዚህ በላይ አይገፋም፣ እስከዚህ ያመጣሁትም በመከራ ነው አለቻት። ከቀትር በኋላ እስኪመሽ ተከራከሩ። በመጨረሻ ካሳም በጎ ፈቃድም የሚሉት ቃላት ወጡ፤ ወረቀቱ «ስለሞቱት ፍየሎችና ስለተበላሸው ኩሬ» ብቻ እንዲል ተስማሙ። ኤዱቪሄስ ሦስት ሰው ለየብቻው እንዲያነብላት ካደረገች በኋላ፣ በአውራ ጣቷ ሳይሆን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየሳለች ስሟን ጻፈች።

ፍየሎቹ መጡ። ኩሬው ተቆፈረ። አሮጌው እስካሁን ታጥሮ ባዶ ነው፤ አፈሩን ጭነው የሄዱት ሰዎች ንጹሕ ነው ብለዋል፣ እሷ አላመነችም። ለመንደሩ የታሰበው ጥልቅ ጉድጓድ አልተቆፈረም፤ በዚህ እሷን የሚወቅሱ አሁንም አሉ። ከአንሰልሞ ጋር ይጨዋወታሉ፣ ልጅቷም መመላለስ ጀምራለች። ከቤት ስትወጣ ግን በሯን ትቆልፋለች፤ ድሮ አትቆልፍም ነበር።

ባለፈው ዓመት ኔሊዳ ቦነስ አይረስ ወሰደቻት። የብዙ አገር የሕግ ሰዎች ስለ ሰማይ ቆሻሻ የሚመክሩበት ስብሰባ ነበር፤ እላይ የሚዞረውን ስብርባሪ ማን፣ በማን ፈቃድ ያጽዳ የሚል። ስትመለስ ከበን ጠየቅናት።

«ልክ እንደ እኛ ናቸው» አለች። «እላይ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ አያነሳም፣ ሌላው ያለ ፈቃዱ አይነካም። አንዱ ተነስቶ፣ 'የሚያጸዳ መኪና ሠርቻለሁ፣ የሚይዝ ክንድ አለው' ይላል። ሌላው ደግሞ፣ 'ቆሻሻ የሚይዝ ክንድ የእኔን ደህናውንም ይይዛል' ይላል። በዚህ ሲጨቃጨቁ ዋሉ።»

«ማንኛቸው ልክ ናቸው?» አልኳት።

«ሁለቱም። እኔስ ለቤርቶራ ክንድ አስነካሁ እንዴ?»

እሷንም ተናገሪ ብለዋት ነበር። መንገድ ላይ የሞተ ከብት ሲገኝ እኛ ምን እንደምናደርግ ነገረቻቸው፤ ባለቤቱ ይጠራል፣ ካልመጣ ከባለቤቱም ከአንሺውም ወገን ምስክር ቆሞ እያየ ማንም ጉልበት ያለው ያነሳዋል፤ ባለቤቱ ኋላ ቢመጣ ስለ ማንሻው ይከፍላል እንጂ አይቆጣም።

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ፈራሁ። የሚያጨበጭብ ሰው ጨርሻለሁ፣ ልሂድ ማለቱ ነው።»

ከወራት በኋላ ኔሊዳ ደወለች። አጥሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። ኤዱቪሄስ በስብሰባው የተናገረችው ነገር የስምምነቱ ረቂቅ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ከዚያ አወጡት፣ አሁን ደግሞ መልሰው አስገብተውታል፣ ግን በቅንፍ ውስጥ ነው።

«ቅንፍ ምንድን ነው?» አለች ኤዱቪሄስ።

ገና ያልተስማሙበት ማለት ነው አለቻት መሰለኝ።

«ማን ነው በቅንፍ ያስገባው?» ብላ ጠየቀች ኤዱቪሄስ።